«ቲንግ»፦ ከቀጠሮ ወደ ሸንጎ፣ ከሸንጎ ወደ ነገር

ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ዴንማርክ፣ አይስላንድና የፋሮ ደሴቶች ከሚጋሯቸው ጥንታዊ ቃላት መካከል «ቲንግ»ን ያህል ከፍታና ዝቅታ ያየ ማግኘት ይቸግራል። በአንድ በኩል ሸንጎ፣ ችሎት፣ ፓርላማ ማለት ነው፤ በሌላ በኩል ዕቃ፣ ነገር፣ ስሙ የጠፋበት ሰው «ምንትስ» የሚለው ማለት ነው። የኖርዌይ ሕግ አውጪ ምክር ቤት «ስቱርቲንግ» ይባላል፤ ታላቁ ሸንጎ እንደ ማለት። ያው ኖርዌያዊ ለጉዞ ሲነሣ ሻንጣው ውስጥ የሚወረውራቸው ካልሲ፣ የጥርስ ብሩሽና ቻርጀርም «ቲንግ» ናቸው።

ስዊድን የሚኖር አበሻ ቃሉን ሳያስተውለው በሁለቱም ወገን ይገናኘዋል። ፍቺ የጠየቀ ወይም የልጅ አሳዳጊነት ክርክር ያለበት ሰው፣ ራስጌው ላይ «ቲንግስሬት» የሚል ደብዳቤ በፖስታ ይደርሰዋል፤ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ማታ ልጁን «ዛሬ ምን ተማርክ?» ቢለው፣ ልጁ ጫማውን እያወለቀ «ኢንገንቲንግ» ይለዋል፤ ምንም። በደብዳቤው ራስጌ ያለው «ቲንግ» እና በልጁ አፍ ያለው «ቲንግ» አንድ ቃል ናቸው። ቃሉ እንዴት እዚህም እዚያም ሊገኝ እንደቻለ መከተል የሰሜን አውሮፓን የሕግ ታሪክ ግማሽ መከተል ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገርን ከሥሩ

የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች ከጀርመንኛ፣ ከደችና ከእንግሊዝኛ ጋር የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ስለሆኑ ቃሉ በሁሉም ዘንድ አለ። ቫይኪንጎቹ በሚናገሩት በጥንቱ ኖርስ ግን መነሻ ድምፁ «ት» አልነበረም። ምላስን በላይና በታች ጥርስ መካከል ይዞ የሚተነፈስ፣ አማርኛ የሌለው፣ ዐረብኛ ግን በ«ሣእ» ፊደሉ የሚጽፈው ድምፅ ነው። አይስላንዶች ድምፁንም፣ ለድምፁ የቆመውን ጥንታዊ ፊደልም እስከ ዛሬ አልጣሉም። በሌሎቹ አገሮች በመካከለኛው ዘመን ማብቂያ ገደማ ወደ «ት» ተለወጠ፤ የነጐድጓዱ አምላክ ስም «ቶር» የሆነውም በዚሁ መንገድ ነው። እዚህ ለአይስላንዱም ለሌላውም «ቲንግ» እያልሁ የምጽፈው ፊደላችን የተሻለ ስለማይሰጠኝ ነው።

የመጀመሪያው ትርጉም ሸንጎም ዕቃም አልነበረም። በ4ኛው መቶ ዘመን መጽሐፍ ቅዱስ በተተረጐመበት በጎቲክ ቋንቋ የ«ቲንግ» ዘመድ የሆነው ቃል «ጊዜ፣ ወቅት» ማለት ነው። ብዙ የሥርወ ቃል አጥኚዎች ከዚህ ተነሥተው ቃሉን «መዘርጋት» ከሚል ሥር ያወጡታል፦ የተዘረጋ ጊዜ፣ ቀጥሎ የተወሰነ ጊዜ፣ ቀጥሎ በተወሰነ ጊዜ የሚደረግ ስብሰባ። በአማርኛ ለዚህ ጥንታዊ ትርጉም ከ«ቀጠሮ» የሚቀርብ ቃል ያለ አይመስለኝም። ቀጠሮ የጊዜ ስም ነው፤ ግን «ነገ ቀጠሮ አለኝ» ያለ ሰው የሚያወራው ስለ ሰዓቱ ሳይሆን ስለ ችሎቱ ሊሆን ይችላል። በጀርመናውያኑ ጎሣዎች ዘንድም የሆነው ይኸው ነው፤ የቀኑ ስም ለስብሰባው ቀረ።

ቀጠሮው የሚያዘው በጨረቃ ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ታሲተስ በ98 ዓመተ ምሕረት ገደማ ስለ ጀርመን ጎሣዎች በጻፈው ውስጥ ሸንጎዎቻቸው ጨረቃ ስትወለድ ወይም ስትሞላ እንደሚውሉ ይናገራል። ሰዎቹ መሣሪያ ታጥቀው ይመጣሉ፣ ጸጥታ የሚያስከብሩት ካህናቱ ናቸው፣ ያልተዋጠላቸውን ሐሳብ በማጉረምረም ይጥሉታል፣ የወደዱትን ጦራቸውን በማንቋቋት ያጸድቁታል። ሮማዊውን ያናደደው ግን ሌላ ነው፦ በተባለው ቀን አይደርሱም፤ ሁለት ሦስት ቀን እርስ በርስ ሲጠባበቁ ያልፋል። ቀጠሮ አለማክበር ከእኛ ጋር ብቻ የተወለደ የሚመስለው ሰው ይህን ቢያነብ ይጽናናል።

ቃሉ በድንጋይ ላይም ተገኝቷል። በሰሜን እንግሊዝ፣ በሐድርያን ግንብ ላይ ባለው የሃውስስቴድስ ምሽግ፣ በ3ኛው መቶ ዘመን የሮማን ጦር ያገለግሉ የነበሩ ጀርመናውያን ወታደሮች ለ«ማርስ ቲንክሱስ» መሠዊያ አቁመው ነበር፤ የሸንጎው ማርስ እንደ ማለት ነው፤ ማርስ የሮማውያን የጦርነት አምላክ ነው። ብዙ ሊቃውንት ጀርመኖች ማክሰኞን «ዲንስታግ»፣ ደቾችም «ዲንስዳግ» የሚሉት ከዚህ ስም የተነሣ እንደሆነ ያምናሉ። ስካንዲኔቪያውያኑ ራሳቸው ማክሰኞን የሰየሙት ቲር በተባለው አምላክ ስም ነው። ቃሉን በሳምንቱ ቀናት ውስጥ ያስቀሩት ጎረቤቶቻቸው መሆናቸው ይገርማል።

ገመድ የታጠረበት ሜዳ

የቫይኪንግ ዘመን ቲንግ ሕንፃ አልነበረውም። ሜዳ፣ ጉብታ ወይም የመቃብር ኮረብታ ይበቃው ነበር። አንድ የአይስላንድ ጥንታዊ ተረክ የምዕራብ ኖርዌይን ሸንጎ፣ ጉላቲንግን፣ በቅርብ ያሳያል፦ ሜዳው ላይ የሐዘል ዛፍ ዘንጎች ክብ ሠርተው ተተክለዋል፤ በዘንጎቹ ዙሪያ «የተቀደሰው ገመድ» ተወጥሯል፤ በገመዱ ውስጥ 36 ዳኞች ተቀምጠዋል፣ ከሦስት ወረዳ 12 12። ክርክሩ የውርስ ነው፤ አንዱ ተከራካሪ ንጉሡንና ንግሥቲቱን ተቀይሟል። ነገሩ ወደ እሱ ሊያደላ ሲል የንግሥቲቱ ሰዎች ደርሰው ገመዱን በጠሱት፣ ዘንጎቹንም ሰባበሩ፤ ችሎቱ ፈረሰ። ገመዱ ቀጭን ነው፤ ማንም ሊያልፈው ይችላል። የሸንጎው ሰላም የሚቆመው ሁሉም ላለማለፍ እስከተስማማ ድረስ ብቻ ነበር።

በቲንግ ላይ ድምፅ የነበራቸው ነጻ ወንዶች ናቸው። ባሪያ አይቀርብም፤ ሴቶችም በአብዛኛው የሚወከሉት በወንድ ዘመድ ነበር። ሸንጎው ሕግ ያወጣል፣ ይፈርዳል፣ ንጉሥ ያነግሣል፣ በዚያው ገበያና የጋብቻ ድርድር ይካሄዳል። የሌለው አንድ ነገር ፖሊስ ነው። የፈረደለት ሰው ፍርዱን የሚያስፈጽመው ራሱ ከዘመዶቹ ጋር ሆኖ ነበር፤ ዘመድ የሌለው ደሀ በወረቀት ያልተጻፈ ፍርዱን ይዞ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ «የሰሜን ሰዎች ዴሞክራሲን ከሺህ ዓመት በፊት ፈጠሩ» የሚለው ወሬ በልኩ ቢወሰድ ይሻላል። ከስቶክሆልም በስተሰሜን ቫለንቱና በሚባል ቦታ ያርላባንኬ የተባለ ባለጸጋ በ11ኛው መቶ ዘመን ያቆመው ድንጋይ አለ። በጥንቱ የሩን ፊደል የተቀረጸው ጽሑፍ፣ ድንጋዩን በሕይወት ሳለ ለራሱ መታሰቢያ እንዳቆመ፣ ይህን የቲንግ ቦታ እንዳሠራና ወረዳውን በሙሉ ብቻውን ይዞ እንደነበር ይናገራል። የሕዝብ ሸንጎ የሚውልበትን ሜዳ አንድ ጌታ አበጅቶ ስሙን ይጽፍበታል። ሸንጎና ጌታ አብረው የኖሩ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አላጠፋውም።

አልቲንግ

ከሁሉም ዝነኛው የአይስላንድ አልቲንግ ነው፤ «የሁሉም ሸንጎ»። ከኖርዌይ ሸሽተውም ተሰደውም ደሴቲቱን የሰፈሩ ሰዎች ንጉሥ አልነበራቸውም። ኡልፍልዮት የተባለ ሰው የጉላቲንግን ሕግ አጥንቶ እንዲመጣ ወደ ኖርዌይ ተላከ ይባላል፤ ከዚያም በ930 ገደማ ቲንግቬትሊር፣ «የቲንግ ሜዳ»፣ በሚባለው ሸለቆ የመላው ደሴት ሸንጎ ተመሠረተ።

ቦታውን ያየ ሰው ለምን እንደተመረጠ ወዲያው ይገባዋል። የሰሜን አሜሪካና የዩሮኤዥያ የመሬት ንጣፎች የሚላቀቁበት ስንጥቅ ነው፤ የእኛው ስምጥ ሸለቆ የሰሜን ወንድም ልትሉት ትችላላችሁ። በምዕራብ በኩል አልማናግያው የሚባለው ጥቁር የገደል ግድግዳ ቆሟል፣ ከገደሉ ላይ ኦክሳራው ወንዝ ይወርዳል፣ ከፊት ሜዳውና ሐይቁ ተዘርግተዋል። ተናጋሪው «የሕግ ዓለት» ላይ ይቆማል፤ ግድግዳው ድምፁን ለሕዝቡ ይመልስለታል። ውሃ አለ፣ ለፈረስ ሣር አለ፣ ማገዶ አለ። ሰዎቹ ከሩቅ ሲመጡ ከሣር አፈርና ከድንጋይ የተሠሩ ግድግዳዎችን በሱፍ ጨርቅ እየከደኑ፣ በየክረምታችን መግቢያ፣ በሰኔ ወር ሁለት ሳምንት ያህል ይከርሙ ነበር።

የሸንጎው አውራ «ሕግ ተናጋሪ» ይባላል። ለሦስት ዓመት ይመረጣል፣ በየዓመቱ የሕጉን ሲሶ በቃሉ ይናገራል፤ በሦስት ዓመት ሕጉ ያልቃል። ያ መንግሥት ያን ጊዜ ደመወዝ ይከፍል የነበረው ለእሱ ብቻ ነው፣ ክፍያውም በሱፍ ጨርቅ ነበር። ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የሚደግም የአብነት ተማሪ ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም፤ ልዩነቱ ሕግ ተናጋሪው አንዲት አንቀጽ ከረሳና ማንም ካላስታወሰው ያቺ አንቀጽ ሕግነቷ ሊቀር መቻሏ ነው። ሕጉ ወደ ጽሑፍ የገባው በ1117 እና 1118 መካከል በነበረው ክረምት ነው።

የአልቲንግ ታላቅ ቀን የሚባለው የክርስትና ጉዳይ የተቆረጠበት የ1000 ዓመተ ምሕረት (አንዳንዶች 999 ይላሉ) ሸንጎ ነው። ክርስቲያኖቹና የጥንቱን አማልክት የሚያመልኩት ሁለት ጎራ ሆነው፣ እርስ በርስ «ከአንድ ሕግ ወጥተናል» ተባብለው ነበር። ጉዳዩ ለሕግ ተናጋሪው ለቶርጌይር ተሰጠ። እሱ ራሱ ክርስቲያን አልነበረም። ወደ ድንኳኑ ገባ፣ ካባውን ተከናነበ፣ ያን ቀንና ሌሊቱን ሙሉ ቃል ሳይተነፍስ ተኛ። በማግስቱ ዓለቱ ላይ ወጥቶ፣ ሕጉ ለሁለት ከተቀደደ ሰላሙም ይቀደዳልና ሁሉም ይጠመቅ ሲል ፈረደ። ግን በልኩ፦ የፈረስ ሥጋ መብላትና ሕፃን መጣል ለጊዜው ይፈቀዳል፣ በስውር ለአማልክት የሠዋም ምስክር ካልተገኘበት አይጠየቅም። ታሪኩን የጻፈው አሪ የተባለ ካህን ነው፣ ከመቶ ዓመት ብዙም ባልዘለለ ጊዜ። ሃይማኖትን ያለ ጦርነት በቀጠሮ የለወጠ ሕዝብ ብዙ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ያን ያህል አያምርም። የጌቶቹ ጠብ ደሴቲቱን አደከማት፤ ከ1262 እስከ 1264 ባለው ጊዜ ለኖርዌይ ንጉሥ ገበረች፣ በኋላም ከኖርዌይ ጋር ለዴንማርክ ዘውድ አደረች። አልቲንግ ቀስ በቀስ ሕግ ማውጣቱ ቀርቶ ፍርድ ቤት ብቻ ሆነ። ወንዙ ከገደሉ ወርዶ የሚጠራቀምበት ጥልቅ ኩሬ ዛሬም «የማስጠሚያው ኩሬ» ይባላል፤ ከ16ኛው መቶ ዘመን በኋላ በዝሙትና በመሰል ወንጀል የተፈረደባቸው ሴቶች በከረጢት ታስረው የሚሰጥሙበት ነበር። ጎብኚዎች ፎቶ የሚነሡበት ውብ ቦታ ነው። በ1798 ሸንጎው በሜዳው ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ዋለ፤ በ1800 በንጉሥ ትእዛዝ ተዘጋ። በ1845 በሬይክያቪክ እንደገና ሲከፈት አማካሪ ምክር ቤት ብቻ ነበር። «ያልተቋረጠ የዓለም ጥንታዊ ፓርላማ» የሚሉት እነዚህን 45 ዓመታት ዘለው ነው። ዛሬ 63 አባላት አሉት፣ የሚሰበሰበውም በ1881 በተሠራ ጥቁር የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። ሆኖም ሰኔ 17 ቀን 1944 አይስላንድ ሪፐብሊክነቷን ስታውጅ በሬይክያቪክ አላወጀችም፤ ሕዝቡ ዝናብ እየመታው ቲንግቬትሊር ሄዶ ነው ያወጀው። ቦታው በ2004 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ከንጉሥ ጋር

በሌሎቹ አገሮች ቲንግ ከነገሥታት ጋር ሲታገልና ሲግባባ ኖረ። ንጉሥ የሚነግሠው ሸንጎ ሲቀበለው ነው፦ ዴንማርኮች በቪቦርግ፣ ስዊድኖች በኡፕሳላ አቅራቢያ ባለው የሞራ ድንጋይ ላይ። በ13ኛው መቶ ዘመን የኖርዌይ ነገሥታትን ታሪክ የጻፈው አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሶን፣ ቶርግኒ የተባለ የስዊድን ሽማግሌ ንጉሡን ፊት ለፊት «ሰላም ካላወረድህ እንገድልሃለን፤ አባቶቻችንም ዕብሪተኛ የሆኑ አምስት ነገሥታትን አንድ ጕድጓድ ውስጥ ጨምረዋል» አለው ብሎ ይተርካል። የታሪክ ሰዎች ይህን እንደ ጥሩ ተረት እንጂ እንደ ቃለ ጉባኤ አያዩትም። ስዊድኖች ግን ይወዱታል።

በመጨረሻ ያሸነፈው ዘውዱ ነው፣ ያሸነፈውም በጽሑፍ ነው። በ1241 የዴንማርኩ ንጉሥ ቫልደማር 2ኛ ያወጁት የዩላንድ ሕግ መግቢያው «አገር በሕግ ይገነባል» ይላል፤ ቃሉ ዛሬ በኮፐንሃገን ፍርድ ቤት ግንባር ላይ ተቀርጾ ይነበባል። በ1274 የኖርዌዩ ማግኑስ፣ «ሕግ አሻሻዩ» የሚል ስም የወጣላቸው፣ የአራቱን ታላላቅ ቲንጎች ሕግ ወደ አንድ የአገር ሕግ ጠቀለሉት። ከዚህ በኋላ ቲንግ ማለት በአብዛኛው የወረዳ ችሎት ሆነ፤ ገበሬዎች ከዳኛው ጎን ተቀምጠው የሚፈርዱበት።

ቃሉ እንደገና ሽቅብ የወጣው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። በ1814 ኖርዌይ ከዴንማርክ ስትላቀቅ በኤይድስቮል የተሰበሰቡ 112 ተወካዮች ግንቦት 17 ቀን ሕገ መንግሥት አጸደቁ፤ ለአዲሱ ፓርላማ የመረጡለት ስም የባዕድ አልነበረም፣ «ስቱርቲንግ» አሉት። ዛሬ 169 መቀመጫዎች አሉት። ዴንማርክ በ1849 ሕገ መንግሥቷ ታችኛውን ምክር ቤት «ፎልከቲንግ»፣ የሕዝብ ሸንጎ፣ ላይኛውን «ላንስቲንግ» ብላ ሰየመች። በ1953 ላይኛው ሲቀር ፎልከቲንግ ብቻውን ቀረ፤ 179 አባላት አሉት፣ ከእነሱም ሁለት ሁለቱ ከፋሮና ከግሪንላንድ የሚመጡ ናቸው። አዲስ ተቋምን በአሮጌ ቃል ማጥመቅ ለእኛም አዲስ አይደለም። በ1987 የተቋቋመው የደርግ ዘመን ምክር ቤት ከመንደር ችሎት ስም ወስዶ «ብሔራዊ ሸንጎ» ተብሏል፤ የኦሮሚያ ምክር ቤትም ስሙን የወሰደው የገዳ ጉባኤ ከሚውልበት ለምለም ሜዳ ነው፣ ጨፌ። የቲንግን ሜዳ ለመረዳት «ጨፌ»ን የሚያውቅ ሰው መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም።

ስዊድን ብቻ ከመስመሩ ወጣች፤ ፓርላማዋ «ሪክስዳግ» ነው። «ዳግ» ቀን ማለት ነው፦ ተወካዮች የሚገናኙበት የተቆረጠ ቀን። እንግዲህ ስዊድንም በሌላ በር ገብታ ወደዚያው ቀጠሮ ተመልሳለች።

ሸንጎው እንዴት ዕቃ ሆነ

መንገዱ እንዲህ ነው። ስብሰባው «ቲንግ» ነው። በስብሰባው የሚታየው ጉዳይም «ቲንግ» ተባለ፦ «የእገሌ ቲንግ» ማለት የእገሌ ክርክር ማለት ሆነ። ከዚያ ማንኛውም ጉዳይ፣ የሚወራበት ሁሉ «ቲንግ» ሆነ። የሚወራበት ሁሉ ደግሞ ውሎ አድሮ ያለ ሁሉ ነው፤ ድንጋዩም፣ ማንኪያውም፣ ሐሳቡም።

አማርኛ ይህን መንገድ በራሱ እግር ሄዶበታል። «ነገረ» መጀመሪያ መናገር ነው። ከንግግሩ «ነገር» ወጣ። «ነገር አለብኝ» ያለ ሰው ክስ አለበት፤ ጠበኛው «ነገረኛ» ነው፤ በመንግሥት ስም የሚሟገተው በዱሮው አጠራር «ነገረ ፈጅ» ነበር። ደግሞም «የሚበላ ነገር አለ?» እንላለን፣ እዚህ ክስም ንግግርም የለም። እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በየቀኑ የሚሰሙት የዕብራይስጡ «ዳቫር»ም ቃልም ነው፣ ጉዳይም ነው፣ ዕቃም ነው። የላቲኑ «ካውሳ» ክስና ምክንያት ነበር፤ ጣሊያኖች «ኮዛ»፣ ፈረንሳዮች «ሾዝ» ብለው ዕቃ አደረጉት። ስካንዲኔቪያውያኑ እንኳ በአንድ ቃል አልበቃቸውም፤ ስዊድኖች ለዕለት ተዕለት ዕቃ ከ«ቲንግ» ይልቅ የሚያዘወትሩት «ሳክ» የሚለውን ነው፣ እሱም ጥንት ክስ ማለት ነበር። ሰው ስለ ዓለም ለማውራት የሚበቃው ሰፊ ቃል ሲፈልግ ደጋግሞ ፍርድ ቤት ሄዶ ይበደራል።

ሁለቱ ትርጉሞች ዛሬ እንዴት ሳይጋጩ እንደሚኖሩ ማየት ደስ ይላል። በዴንማርክኛና በኖርዌይኛ ልዩነቱ የጾታ አመልካቿ ብቻ ናት፦ «ኤን ቲንግ» አንድ ዕቃ፣ «ኤት ቲንግ» አንድ ሸንጎ። አይስላንድኛ ለዕቃ ሌላ ቃል ስላለው «ቲንግ»ን ለጉባኤ አቆይቶታል፤ ዐውደ ጥናት እንኳ በዚሁ ቃል ይጠራል። ስዊድንኛ ደግሞ ቃሉን ከሌላ ጋር ማጣመር ይወዳል፦ «ኖንቲንግ» የሆነ ነገር፣ «አልቲንግ» ሁሉም ነገር፣ «ኢንገንቲንግ» ምንም። ልብ በሉ፤ ስዊድናዊው «አልቲንግ» ሲል ሁሉም ነገር ማለቱ ነው፣ አይስላንዳዊው ሲል ፓርላማውን። ግሡም አለ። በዴንማርክ «ቲንገ» ዋጋ መከራከር ነው፣ በስዊድን «ቲንጋ» አስቀድሞ ማስያዝ። ገበያ ላይ ዋጋ የሚያስቀንስ ሰውም፣ ችሎት ፊት የቆመ ሰውም በአማርኛ «ይከራከራል»።

ባሕር ተሻግሮ

ቫይኪንጎች በረገጡበት ሁሉ ሜዳውን ሰይመው አለፉ። የስኮትላንዱ ዲንግዎል፣ የሼትላንዱ ቲንግዎል፣ በሊቨርፑል ማዶ ያለው ቲንግዎል ሁሉም ቲንግቬትሊር ናቸው፣ አጠራራቸው ብቻ ተበላሽቶ። በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል ያለችው የ«ማን» ደሴት ፓርላማ «ቲንዋልድ»ም እንዲሁ ነው፤ በየዓመቱ ሐምሌ 5 ቀን አባላቱ ቅዱስ ዮሐንስ በተባለው መንደር ደረጃ በደረጃ የተከመረ ጉብታ ላይ ወጥተው ይቀመጣሉ፣ የዓመቱ ሕጎች በደሴቲቱ ቋንቋ በማንክስና በእንግሊዝኛ ይታወጃሉ፣ ቅሬታ ያለው ሰው አቤቱታውን እዚያው ያቀርባል። እንግሊዞች የምርጫ ቅስቀሳን «ሃስቲንግስ» የሚሉት «የቤት ቲንግ» ከሚል የኖርስ ቃል ነው፤ አንድ ጌታ ከሰዎቹ ጋር በግል የሚያደርገው ምክክር ማለት ነበር። የፋሮ ደሴቶች «ሎግቲንግ» በ1816 ተዘግቶ በ1852 ተከፈተ፣ 33 አባላት አሉት፤ የደሴቶቹ መንግሥት ቢሮዎች ዛሬም ቲንጋኔስ በተባለው፣ ጥንት ሸንጎው ይውልበት በነበረው የድንጋይ ምላስ ላይ ባሉ ቀይ የእንጨት ቤቶች ውስጥ ናቸው።

ቃሉን የወሰዱት የቋንቋው ዘመዶች ብቻ አይደሉም። የሰሜኑ ተወላጆች ሳሚዎች ቋንቋቸው ከፊንላንድኛ ወገን ነው፤ ፓርላማቸውን ግን «ሳመዲጊ» ይሉታል፣ «ዲጊ» ከቲንግ የተዋሱት ጥንታዊ ቃል ነው። በኖርዌይ በ1989፣ በስዊድን በ1993፣ በፊንላንድ በ1996 ተቋቁሟል። ለዘመናት ግብር የጠየቃቸውና የፈረደባቸው የሌሎች «ቲንግ» ነበር።

ጀርመኖችም በ1930ዎቹ አንሥተውት ነበር። ናዚዎች የጥንቱን ሸንጎ እንመልሳለን ብለው «የቲንግ ቦታ» የሚሏቸውን የአደባባይ ቴአትሮች ሠሩ፤ በ1935 የተመረቀው የሃይደልበርጉ ዛሬም ኮረብታው ላይ አለ። እዚያ ማንም አላጉረመረመም፣ ማንም ሐሳብ አልጣለም።

ዛሬ የት አለ?

ብዙውን ጊዜ በማይታይ ቦታ። ኦስሎ ወይም ኮፐንሃገን ቤት የገዛ ሰው ከከፈለ በኋላ «ቲንግሉስኒንግ» የሚባል ወጪ አለበት። ውሉን በመዝገብ ማስመዝገብ ነው፤ ቃሉ ግን «በቲንግ ማወጅ» ይላል፣ ምክንያቱም ጥንት ሽያጩ በሸንጎው ፊት ጮክ ተብሎ ካልተነበበ አይጸናም ነበር። ዴንማርክ ከ2009 ጀምሮ ይህን ሁሉ በኮምፒውተር ታከናውናለች። ያን ያህል ሰው ፊት የሚታወጀው ነገር ዛሬ አንድ ሰው ማታ ሶፋው ላይ ሆኖ የሚጫነው ቁልፍ ሆኗል።

ስዊድን ውስጥ ቃሉ በቅርቡ አንድ ትልቅ ቤቱን አጥቷል። ሆስፒታሎችን የሚያስተዳድሩት የአውራጃ ምክር ቤቶች ከ1862 ጀምሮ «ላንስቲንግ» ይባሉ ነበር፤ ቀድሞ የመጣ አበሻ ሁሉ የሐኪም ቤት ቀጠሮ ደብዳቤው ላይ ያውቀዋል። በ2020 ሕጉ ቃሉን በ«ሬጊዮን»፣ ክልል፣ ተካው። ፍርድ ቤቶቹ ግን አልተነኩም። በ1971 የገጠሩና የከተማው ችሎት ተዋሕደው «ቲንግስሬት» ከተባሉ ወዲህ እንዳሉ ናቸው፤ ሕግ ተመርቆ በፍርድ ቤት የሚለማመድ ወጣትም «ምን ትሠራለህ?» ሲባል «ቲንግ ተቀምጫለሁ» ይላል።

ኡፕሳላ ውስጥ ደግሞ በየካቲት መጀመሪያ «ዲስቲንገን» የሚባል ገበያ ይቆማል። ከክርስትና በፊት ለሴት መናፍስት መሥዋዕት በሚቀርብበት ሰሞን የሚውል ሸንጎና ገበያ ነበር፤ ክርስትና ሲገባ መሥዋዕቱ ቀረ፤ በኋላ ሸንጎውም ቀርቶ ገበያው ቆየ። ቀኑ የሚታወቀው በጨረቃ ነበር፦ በእነሱ ጥምቀት፣ ጥር 6 ሌሊት፣ ሰማይ ላይ ያለችው የገና ጨረቃ ናት፤ ከእሷ ቀጥላ የምትወለደው የዲስቲንግ ጨረቃ። አሁን ቀኑን የምትወስነው ጨረቃ አይደለችም። ነጋዴዎቹ በብርዱ ውስጥ ቋሊማ፣ የሱፍ ካልሲና ከረሜላ ይሸጣሉ፤ ገዢው ብዙም ዋጋ አይከራከርም።